የጤና መድን ምዝገባ በሐዋሳ፦ ቀበሌ ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ ተቀምጠው የሚጨርሱት ሥራ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባና እድሳት በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈት በር ነው። በአብዛኞቹ አካባቢዎች የሚከፈተው ገበሬው ምርቱን ሰብስቦ እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። ከተሞች ግን ቀኑን በየራሳቸው ስለሚያውጁ የሐዋሳ ነዋሪ ከኅዳር ጀምሮ ቀበሌውን ቢጠይቅ ይሻለዋል። መጠየቅ ያለብዎት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ምዝገባው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የዘንድሮው መዋጮ ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው በባንክ፣ በስልክ ወይም በእጅ እንደሆነ። መዋጮው ስለሚሻሻል የጎረቤት ያምናውን ደረሰኝ አይተው ገንዘብ ይዘው አይሂዱ።

መዝጋቢው የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዱ መልስ ግን ወረቀት ይፈልጋል፤ ከሰልፍ የሚመለሰው ሰው አብዛኛውም አንድ ወረቀት የጎደለበት ነው። ከወረቀት በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መድኑ የሚያውቀው የአባልነት ደብተሩ ላይ ስሙ የሰፈረውን ቤተሰብ ነው። አብሮዎት የሚበላ፣ የሚያድር፣ የሚያሳድጉት ሰው ሁሉ ስሙ ካልተጻፈ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ደርሶ እንደማንኛውም ከፋይ ይቆጠራል። ስለዚህ ዋናው ዝግጅት የቤተሰቡን ዝርዝር በትክክል መሥራት ነው።

ይህ መድን ይመለከተኛል?

መድኑ የተዘጋጀው ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ቤተሰብ ነው፤ ለአርሶ አደሩ፣ ለጉልት ነጋዴዋ፣ ለባጃጅ ሹፌሩ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ለሚሸጠው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለልብስ ሰፊው። በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ሲሆን፣ ከሐዋሳ ብዙም የማትርቀው ይርጋለም ከእነዚያ አንዷ ነበረች።

የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የድርጅት ተቀጣሪ ከሆኑ ሕጉ ያስቀመጠልዎ መንገድ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድን ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ 3 በመቶ 3 በመቶ እንዲያዋጡ የታሰበበት ነው። ግራ የሚያጋባው የተደባለቀ ቤት ነው። ባል ባጃጅ ይነዳል፣ ሚስት ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራለች እንበል። እንዲህ ባለ ቤት ደመወዙን ደብቆ መመዝገብ መጥፎ ምርጫ ነው፤ ኋላ ሲታወቅ አባልነቱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የሁለታችሁንም ሥራ ተናግራችሁ ቤተሰቡ በማን ስም እንደሚመዘገብ ከመዝጋቢው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የፋብሪካው ሠራተኛ ደግሞ አሠሪው የገባለት የሕክምና ሽፋን ካለ የሠራተኛ አስተዳደሩን ይጠይቅ። ሽፋኑ ራሱን ብቻ ነው ወይስ ቤተሰቡንም? ብዙ ጊዜ ልጆቹ ውጭ የሚቀሩት ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቶ ነው።

የግል የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም የሕክምና መድን ይሸጣሉ፤ ግን በአብዛኛው ለድርጅት በቡድን ነው። ለአንድ ቤተሰብ በነጠላ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ዋናውን ተስፋ እዚያ ላይ መጣል አይመከርም።

ዝርዝሩን መሥራት

አንድ ሉክ ያውጡና ቤት ውስጥ የሚኖሩትን ሁሉ ይጻፉ፤ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ፆታ፣ የትውልድ ቀን፣ ከእርስዎ ጋር ያለው ዝምድና። ከዚያ በሦስት ይክፈሏቸው።

አንደኛው የቤተሰቡ ኃላፊ፣ የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የቤተሰቡ መደበኛ መዋጮ የሚሸፍነው እነዚህን ነው። መደበኛው መዋጮ የሚከፈለው በቤተሰብ እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። አንዳንድ ሰው ገንዘብ ይጨምርብኛል ብሎ ትንንሾቹን ልጆች ሳያስመዘግብ ይቀራል፤ እንዲህ አያድርጉ፣ ሁሉንም ያስጽፉ።

ሁለተኛው አብረው የሚኖሩ ነገር ግን ከዚያ ክበብ ውጭ ያሉ ናቸው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ፣ የባል ወይም የሚስት እናት፣ ከአለታ ወንዶ ወይም ከዳዬ ለትምህርት የመጣ የወንድም ልጅ። እነዚህ በራሳቸው አይገቡም፤ በእርስዎ ሥር የሚኖሩና የራሳቸው ገቢ የሌላቸው ከሆኑ በሰው የሚታሰብ ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልባቸዋል። ሥራ ይዞ ራሱን የቻለ ልጅ ደግሞ ራሱ የቤተሰብ ኃላፊ ሆኖ ይመዘገባል። አያት አብረዎት የሚኖሩ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርሳቸው ነው፤ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ወር ጠብቆ የሚመጣ ወጪ ስለሆነ ተጨማሪው መዋጮ ቶሎ ይመለሳል። ከሌላ ቦታ የመጣው የወንድም ልጅ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ፦ ወላጆቹ ባሉበት ወረዳ አስመዝግበውት ሊሆን ይችላል። ደውለው ያጣሩ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተመዝግቦ መገኘት የለበትም።

ሦስተኛው አብረው የሚኖሩ ግን የቤተሰብ አባል የማይባሉ ናቸው፤ የቤት ሠራተኛ፣ ተከራይ፣ ሱቅ የሚያግዝ ልጅ። እነርሱ በእርስዎ ደብተር አይጻፉም። የቤት ሠራተኛዋ በራሷ ስም መመዝገብ ትችል እንደሆነ ቀበሌ ጠይቀው መዋጮዋን ቢያግዟት ትልቅ ነገር ነው፤ ስትታመም የምታወጣው ከዚያች ከትንሿ ደመወዟ ነውና።

ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ በአካል ጉዳት ወይም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ራሱን ያልቻለ ልጅ ካለ የሐኪም ማስረጃ ይዘው ጉዳዩን በግልጽ ያቅርቡ። ማስረጃ ካልቀረበ መዝጋቢው የሚያየው ዕድሜውን ብቻ ነው።

የትውልድ ዘመን ስሕተት

ይህ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ ከሌላው ስሕተት ሁሉ የበለጠ ቤተሰብን የሚያጉላላ ነውና። የኢትዮጵያና የፈረንጅ ዘመን በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያሉ። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. 15 ዓመቱ ነው። ያ «2003» በፈረንጅ ነው ተብሎ ኮምፒዩተር ላይ ከገባ ልጁ 22 ወይም 23 ዓመት ይሆንና ከቤተሰቡ ይወጣል፤ ወይ ተጨማሪ ይከፈልበታል፣ ወይ ታሞ ሲሄድ «አልተመዘገበም» ይባላል። የተገላቢጦሹም አለ፤ በፈረንጅ የተጻፈ የትምህርት ቤት ማስረጃ እንደ ኢትዮጵያ ተወስዶ ልጁን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያሳንሰዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዝርዝርዎ ላይ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው ይጻፉ፣ አጠገቡም ዕድሜውን በቁጥር ያስቀምጡ። መዝጋቢው ዓመቱን ሲያስገባ ዕድሜውን ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ካልገጠመ እዚያው ይታረማል።

የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ቀበሌ መታወቂያ ላይ «ኃይሉ»፣ ልደት ምስክር ወረቀት ላይ «ሐይሉ» ቢሆን ሰው ያነበዋል፤ መዝገብ ውስጥ ሲፈለግ ግን አይገኝም። ሲዳማ ክልል ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ስም በሲዳምኛ በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍ አንድ ስም ሁለት ሦስት መልክ ይይዛል። በፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርገው ሌላውን ሁሉ በእሱ ያስጽፉ።

ወረቀቶቹ

የነዋሪነት መታወቂያ የመጀመሪያው ነው። ለተከራይ ትልቁ እንቅፋትም እሱ ነው። መታወቂያዎ የሻሸመኔ፣ የሶዶ ወይም የይርጋለም ከሆነ ሐዋሳ ውስጥ ነዋሪ ለመባል ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ያስፈልግዎታል። መሸኛ በአንድ ቀን የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ሲሆኑ ወይም ፋይልዎ ሲፈለግ ሳምንት የሚፈጅበትም አለ። ስለዚህ ምዝገባው ከመከፈቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለው ይጀምሩት። ሲሄዱ የቤተሰቡ አባላት ስም ሁሉ መሸኛው ላይ እንዲጠቀስ ያድርጉ፤ በእርስዎ ስም ብቻ የወጣ መሸኛ ለሚስትና ለልጆች ሌላ ጉዞ ያስወጣል። ሐዋሳ ሲደርሱ የኪራይ ውል ወይም የአከራይዎ ምስክርነት ሊጠየቅ ስለሚችል አከራይዎን አስቀድመው ያነጋግሩ።

የፋይዳ ቁጥር እየተለመደ የመጣ ጥያቄ ነው። ፋይዳ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ 12 አሃዝ፣ ሌላው 16 አሃዝ። የትኛው እንደሚፈለግ ስለማይታወቅ ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ። በስልክ አጭር መልእክት የመጣልዎ ከሆነ ወረቀት ላይ ይገልብጡት፤ ሰልፍ ላይ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ ተራ ያልፋል።

የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ያላችሁ ኮፒ አድርጉ። የሌላችሁ ሁለት መንገድ አላችሁ። ልጁ ገና ሕፃን ከሆነ የወለዱበት ጤና ተቋም የሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ይዘው ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ያስመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ካለፈ የዘገየ ምዝገባ ይባልና ሥራው ይበዛል። ለትልልቆቹ ልጆች የትምህርት ቤት ማስረጃ ወይም የክትባት ካርድ ተቀባይነት ያገኝ እንደሆነ መዝጋቢውን አስቀድመው ይጠይቁ። የጋብቻ ወረቀት ሳይኖራቸው አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስትም ቀበሌው የሚቀበለው ምስክር ምን ዓይነት እንደሆነ ቀድመው ይወቁ። አደራ ወስደው የሚያሳድጉት ልጅ ካለ የሞግዚትነት ወይም የጉዲፈቻ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እሱ ከፍርድ ቤት የሚገኝ ስለሆነ ዘንድሮ ባይደርስ እንኳ ለመጪው ዓመት ይጀምሩት።

ፎቶ ለእያንዳንዱ አባል 3 በ 4 ሁለት ሁለት ያንሡ፤ አንዱ መዝገብ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው ደብተሩ ላይ። ሕፃኑንም እንዳይረሱ። ከበስተጀርባ ስሙን በእስክሪብቶ ይጻፉ፣ ጽሑፉ ግን ደርቆ ይቀመጥ፤ እርጥብ ቀለም የሌላውን ፊት ያበላሻል። ሁሉንም በአንድ ፕላስቲክ አቃፊ ያድርጉ፤ ዋናው በአንድ በኩል፣ ኮፒው በሌላ በኩል። ምዝገባ በሚበዛበት ሰሞን በቀበሌው ዙሪያ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ራሱ ሰልፍ ስለሚሆን ኮፒውን ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ይጨርሱ።

ገንዘቡ

የዓመቱ መዋጮ ባንድ ጊዜ ሲጠየቅ ነው ከባድ የሚመስለው። ለምሳሌ መዋጮው 1,560 ብር ቢሆን በ52 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 30 ብር ነው። ከጉልት ወይም ከባጃጅ ገቢ በየቅዳሜው 30 ብር ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ዕቁብ የሚጥሉ ከሆነ ዕጣውን ምዝገባው ወር ላይ እንዲወስዱ ከዳኛው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ተጨማሪ መዋጮ የሚከፈልባቸው ሰዎች ካሉ በሰው ቆጥረው ይጨምሩ፤ ለፎቶ፣ ለኮፒና ለመጓጓዣም ጥቂት ያስተርፉ።

ከአቅም በላይ ከሆነስ? መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን ወረዳውና ክልሉ የሚሸፍኑበት አሠራር አለ። የሚመረጡት በቀበሌው ኮሚቴ ሲሆን ኮታው ውስን ነው። ምርጫው ከምዝገባው ቀደም ብሎ ስለሚካሄድ ምዝገባ ሲያልቅ መጥቶ «አቅም የለኝም» ማለት አይጠቅምም። ስሟን ለመስጠት የምታፍር እማወራ ሠፈራችሁ ውስጥ ካለች የእድሩ ሰዎች ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስሟን ለኮሚቴው ማድረስ ይችላሉ። ይህ ልመና አይደለም፣ በአሠራሩ የተቀመጠ ነገር ነው።

የምዝገባው ዕለት

የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቁ። ሰው የሚጎርፈው ያን ጊዜ ነው፤ መዝጋቢውም ሲቸኩል ስሕተት ይበዛል። ኔትወርክ ሲቋረጥም ለሌላ ቀን ቀጠሮ የሚሰጥበት ጊዜ ያጥራል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአንዱ የሥራ ቀን ጠዋት ቢሄዱ ጉዳይዎ ቀትር ሳይደርስ ያልቃል።

ገንዘቡን ሲከፍሉ ማኅተም ያለበት ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ በባንክ ወይም በስልክ ከሆነ የግብይቱን ቁጥር ይያዙ። «ደረሰኙ ነገ ይደርሳል» የሚል ካለ ገንዘቡንም ነገ ይስጡት። ደብተሩ ሲደርስዎ ከጠረጴዛው ሳይነሡ ያንብቡ፦ የሁሉም አባላት ስም አለ? ዕድሜው ልክ ነው? ፎቶው የባለቤቱ ነው? ተለዋውጦ የሚለጠፍ ፎቶ ብዙ ነው። የትኛው ጤና ጣቢያ ተመደበልዎ? አገልግሎቱ የሚጀምረው መቼ ነው፣ የሚያበቃውስ? በተለይ የመጀመሪያውን ቀን ያስተውሉ። አዲስ አባል ዛሬ ከፍሎ ነገ መታከም ላይችል ይችላል፤ ቀጠሮ የያዙለት ሕክምና ካለ ከዚያ ቀን በኋላ ያድርጉት። ከዚያ የደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ ደብተሩ ቢጠፋ ምትክ ለማውጣት ቁጥሩ ያስፈልግዎታል።

ነባር አባላት እድሳት እንዳያመልጣችሁ። ዓመት የዘለለ አባልነት እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል፤ ውዝፍ የሚጠይቁም አሉ። «ዘንድሮ ማንም አልታመመም» ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ነው፤ ቀጣዩ ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ልጅ ከተወለደ፣ ሰው ካረፈ፣ ልጅ 18 ከሞላው እድሳት ሳይጠብቁ ያሳውቁ።

ምን ይሸፍናል፣ ምን አይሸፍንም

የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምና፣ ላብራቶሪ፣ ራጅና አልትራሳውንድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉ መድኃኒቶች ይሸፈናሉ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የውጭ አገር ሕክምና፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ አይሸፈኑም። የኩላሊት እጥበት በመደበኛው ሽፋን ውስጥ ስለማይገባ የኩላሊት ሕመምተኛ ያለበት ቤት ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። የመኪና አደጋ በተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን ስለሚታይ እዚህ አይገባም። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና ቀድሞም በመንግሥት ተቋም ነፃ ናቸው፤ ለእነሱ ደብተር አያስፈልግም።

መድኑ የሚከፍለው ውል ለገባለት ተቋም ነው፤ የግል ክሊኒክ ሄደው ያወጡትን ገንዘብ ደረሰኝ ይዘው ቢመጡ አይመለስም። ውል ያለውም ተቋም በተራ ነው። መነሻው የተመደበልዎ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ አዳሬ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም ካስፈለገ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልክዎታል። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ ከኪስ መክፈልን ያስከትላል። ድንገተኛ ከሆነ በቅርብ ወዳለው ይሮጡ፣ ደብተሩን ግን ቤተሰብ ወዲያው ያምጣ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የሐኪሙ ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን መኖሩን ከጤና ጣቢያው ሳይወጡ ይመልከቱ፤ ማኅተም የጎደለው ሪፈር ከሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መልሶ ያመጣዎታል። ሌላ ከተማ የሚማር ልጅ ካለዎት እዚያ ያለው ተቋም ከሐዋሳ ጋር ውል ላይኖረው ስለሚችል ከመሄዱ በፊት የጤና መድን ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ።

በጣም የሚያማርረው የመድኃኒት ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት በተቋሙ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሳይገኝ ሲቀር ብዙ ሰው ተናዶ በቀጥታ ከግል ፋርማሲ ይገዛል፤ ገንዘቡም በዚያው ይቀራል። እንደዚያ ከማድረግዎ በፊት የማዘዣ ወረቀቱ ላይ «የለም» የሚል ጽሑፍና የመድኃኒት ቤቱን ማኅተም ያስደርጉ፤ ከዚያ በተቋሙ ውስጥ ወዳለው የጤና መድን ተጠሪ ይሂዱ። ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት ካለ ወደዚያ ይመራዎታል። ከሌለ ገንዘብ ማስመለስ ይቻል እንደሆነ፣ በምን ማስረጃና እስከ መቼ እንደሆነ ይነግርዎታል። ሲገዙ የታካሚው ስም የተጻፈበት የሽያጭ ደረሰኝ ይቀበሉ፣ የማዘዣውን ኮፒ ያስቀሩ፤ ዋናውን ፋርማሲው ሊይዘው ይችላልና። እነዚህን ወረቀቶች በዚያው ሳምንት ለጽሕፈት ቤቱ ያስገቡ፣ ያስገቡበትንም ቀን ደብተርዎ ጀርባ ላይ ይጻፉ።